ይዟል፤ አይለቅም

«ይዟል አልኩሽ፤ ይዞም ነበር። ምኑ ላይ ነው የዋሸሁት?»

«ዋሹ አላልኩም፣ ጋሼ ደርበው። ማሸጊያ ይዟል ከተባለ ግን ጋዝ አያሳልፍም ማለት ነው። ሌላ ትርጉም የለውም።»

«ጋዝማ መች አሳለፈ? እኔ ስለ ጋዝ አላወራሁሽም። ፕሌቱን ይዞታል ነው ያልኩሽ። ተጣብቋል!»

«አይለቅም ወይ ብዬ ደግሜ ጠይቄዎታለሁ።»

«አይለቅም አልኩሽ። ይኸው፣ ለቀቀ?» ጋሼ ደርበው ከጠረጴዛው ላይ አንዱን ስብርባሪ አንስተው ዘረጉላት። «እንኪ፣ አላቅቂው እስቲ። ጥፍርሽን አስገቢና አላቅቂው።»

ውድነሽ አልተቀበለቻቸውም። ከቆመችበት ሆና ይታያታል። የእጅ መዳፍ የሚያህል የጠቆረ የብረት ፕሌት ነው፤ ፊቱ ላይ ጋዝ የሚሄድባቸው ቀጫጭን ቦዮች ተቆርጠውበታል። በጠርዙ ዙሪያ ሚካ ከሚባል ሙቀት የሚችል ስስ ማዕድን የተሠራ ማሸጊያ ተጣብቆበታል፤ ሚካው ላይ ደግሞ ግማሹ የቀረ የሴራሚክ ሴል እንደ ተሰበረ ሳህን ተንጠልጥሏል። እንዲህ ያሉ ሃያ አራት ስብርባሪዎች ጠረጴዛው ላይ ተደርድረዋል። እስከ ቅዳሜ ቀትር ድረስ እነዚህ ሁሉ ምድጃ ውስጥ አንድ ላይ ተደራርበው፣ በሰባት መቶ ሃምሳ ዲግሪ እየጋሉ፣ ከሃይድሮጅንና ከአየር ኤሌክትሪክ የሚያወጣ አንድ ፊውል ሴል ነበሩ። ረቡዕ ከቶሮንቶ የሚመጡ እንግዶች ሊያዩት ነበር።

ፕሌቱንና ማሸጊያውን የነደፈችው ውድነሽ ናት። ፕሌቱ ሃይድሮጅኑን ከአየሩ ይለያል፤ ማሸጊያው ዙሪያውን ይዘጋል። አስቸጋሪው ነገር ብረትና ሴራሚክ ሲሞቁ እኩል አለመለጠጣቸው፣ ሲቀዘቅዙም እኩል አለመሰብሰባቸው ነው። ስለዚህ ማሸጊያው ጋዙን እየከለከለ፣ ፕሌቱን ግን በላዩ እንዲንሸራተት መፍቀድ አለበት። ሚካ ይህን ይችላል፤ ጥቂት ጋዝ ያሾልካል እንጂ። ያንን ለመድፈን ውድነሽ ባለፈው ኖቬምበር ከሚካው በሁለቱም ፊት ስስ የመስታወት ዱቄት ቅብ ጨመረች። መስታወቱ በሙቀቱ ለስልሶ ክፍተቱን ሞላ። ፕሌቱንም አብሮ ያዘው።

«በሴሉ በኩል ብቻ ይቀባ ብዬሽ ነበር» አሉ ጋሼ ደርበው።

«አሁን እሱን እንተወውና...»

«ትተነዋል። የመለኪያውን ቁጥር በስልክ ልነግርሽ ስል ለምን አቋረጥሽኝ?»

«አላቋረጥኩዎትም።»

«ቀስቱም ብዬ ጀመርኩ። ጎሽ አልሽኝ። ጎሽ ሲሉኝ ዝም አልኩ፣ እንደ ተማሪ።»

በሩ ተከፈተ። ግሌን ነበር፤ የላቦራቶሪው ኃላፊ። አሥራ አምስት ዓመት የነዳጅ ቧንቧ ሲዘረጋ ኖሮ ወደዚህ ሥራ የመጣ፣ ጃኑዋሪም ይሁን ጁላይ ያንኑ የከብት ጠባቂ ቦት ጫማ የሚያደርግ ሰው ነው። ጠረጴዛውን ከዳር እስከ ዳር አየና አፉን አሞጠሞጠ።

«ከአንድ ሰዓት በኋላ ቢሮዬ» አለ። «ሁለታችሁም። መዝገቡንም አምጡት።»

ጋሼ ደርበው ስብርባሪውን ከነበረበት መልሰው፣ ከጎረቤቱ ጋር አስተካክለው አስቀመጡት።

ውድነሽ እኚህን ሰው የምታውቃቸው ከአሥራ ሰባት ዓመቷ ጀምሮ ነው። ባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ የወርክሾፕ አስተማሪዋ ነበሩ። አንድ ድፍን ብረት ሰጥተው በሞረድ አራት ማዕዘን እንድታደርገው ሦስት ሳምንት አቁመዋታል፤ በየቀኑ ማዕዘኑን በብርሃን ላይ ያዩና «ገና ነው» ብለው ይመልሱላት ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት አስተምረው ካልጋሪ ሲገቡ ያገኙት ሥራ የቢሮ ጽዳት ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት ዋይትሆርን ጣቢያ ላይ አውቶቡስ ሲጠብቁ አገኘቻቸውና ወደ ግሌን ይዛቸው መጣች። ግሌን አንድ ፕሌትና የውፍረት መለኪያ ማይክሮሜትር ሰጥቶ አስለካቸው፤ በዚያው ቀን ቀጠራቸው። ከዚያ ወዲህ በሥራ እሷ የበላያቸው ናት። እሷ አንቱ ትላቸዋለች፣ እሳቸው አንቺ ይሏታል፤ ይህ ለሁለቱም ከብዷቸው አያውቅም።

ቅዳሜ ውድነሽ ማርቲንዴል ሰፈር ነበረች፤ የጓደኛዋ የደመቀች ልጅ ክርስትና ነበር። የዚያን ቤት ስልክ ቁጥር ለጋሼ ደርበው ትታላቸው ሄዳለች። ቀትር ላይ ተጠራችና ወጥ ቤት ግድግዳ ላይ ያለውን ስልክ አንድ ጆሮዋን ደፍና ተቀበለች። ጋሼ ደርበው ምድጃውን ማቀዝቀዝ ከመጀመራቸው በፊት ማሸጊያውን መፈተሽ ነበረባቸው። ፈተናው ቀላል ነው፤ ከላይ የተጫነው ክብደት ትንሽ ይቀነስና የመለኪያው ቀስት ይታያል። ማሸጊያው ፕሌቱን ካልያዘው ድርድሩ የፀጉር ያህል ቀና ይላል፤ ቀስቱም ይነሳል፤ ምድጃውም በፍጥነት መውረድ ይችላል። ከያዘው ግን ቀስቱ ካለበት አይነቃነቅም። ያኔ ምድጃው በደቂቃ አንድ ዲግሪ ብቻ እየቀነሰ፣ ቀስ እያለ መውረድ አለበት። ይህን ደንብ የጻፈችው ራሷ ውድነሽ ናት።

«ይዟል?» አለች በስልኩ።

«ይዟል።»

«አይለቅም?»

«አይለቅም፣ ቀስቱም...»

«ጎሽ፣ ጋሼ! በቃ በደቂቃ ሦስት ዲግሪ ያውርዱት።»

«በሦስት?»

«በሦስት። ዛሬውኑ ይቀዝቅዝልን፣ ለረቡዕ ገና ብዙ ሥራ አለብን።»

«እሺ፣ እንዳልሽ።»

ከሳሎን ሰው እየጠራት ነበር። «ውድዬ፣ ዳቦው ሊቆረስ ነው፣ ነይ እንጂ!»

ቀስቱ ስንት ላይ እንደቆመ አልጠየቀችም። የገዛ አስተማሪዋን ቁጥር መጠየቅ መፈተን ይመስላል። እሳቸውም ሦስት ዲግሪ ለተጣበቀ ማሸጊያ እንደማይሆን ያውቁ ነበር፤ ግን የነደፈችው እሷ ናት፣ ያየችው ነገር ይኖራል ብለው ተዉት። አምስት መቶ ዲግሪ ላይ ሲደርስ ምድጃው ውስጥ የሚሰበር ነገር ሰሙ። መጀመሪያ አንድ፣ ከዚያ ብዙ። ሃይድሮጅኑን ዘጉ፣ ናይትሮጅን ለቀቁበት፣ ሰዓቱን ጻፉ።

ግሌን ቢሮ መዝገቡ ተከፍቶ መሃላቸው ተቀመጠ። የጋሼ ደርበው ጽሑፍ ቀጥ ያለና የሚነበብ ነው። ግሌን ጣቱን አንድ መስመር ላይ አሳረፈ። በእንግሊዝኛ «ሲል ሆልዲንግ» ይላል። ጋሼ ደርበው ይህን ሲጽፉ ያሰቡት በአማርኛ ነው፤ ማሸጊያው ይዟል ብለው ነው። ግሌን ሲያነበው ግን ማሸጊያው ሥራውን በደንብ እየሠራ ነው የሚል ነው። ከቃሉ ቀጥሎ ባለው ዓምድ የቀስቱ ቁጥር ተጽፏል። ዜሮ ነጥብ ዜሮ ዜሮ። የግሌን ጣት እዚያ ድረስ አልሄደም።

«ደርበው» አለ ግሌን፣ ሰው ላለማስቀየም የሚጠነቀቅ ሰው በሚናገርበት ድምፅ፣ «እንግሊዝኛ አስቸጋሪ ቋንቋ ነው። አልፈርድብህም። ነገር ግን ተጣብቋል ማለት ከፈለግህ ሌላ ቃል አለን። ይህንን ያነበበ ሁሉ ደህና ነው ብሎ ነው የሚረዳው። በስልክም ይህንኑ ከነገርካት ውድነሽ ምን ታድርግ?»

ጋሼ ደርበው ውድነሽን አዩዋት። ብዙም አልቆዩም። ልመና አልነበረበትም፤ ተራዋ እንደ ደረሰ የሚነግራት አስተያየት ነበር። በስልክ አንድም የእንግሊዝኛ ቃል እንዳልተነጋገሩ የሚያውቁት እሷና እሳቸው ብቻ ናቸው። ውድነሽ የብዕሯን ክዳን ከፈተች፣ ዘጋች።

«የኔ ስህተት ነው» አሉ ጋሼ ደርበው በእንግሊዝኛ።

ግሌን ቀለል አለው። ተነሥቶ ትከሻቸውን መታ መታ አደረጋቸው። «ለወደፊቱ እንኳ ውድነሽ በራሳችሁ ቋንቋ ብታናግርህ ይሻላል። እንዳትደናገሩ።»



ማታ ካስልሪጅ ቤታቸው ውስጥ ባሏ ፍስሐ ለልጃቸው ማካሮኒ እያማሰለ ሁሉንም ሰማት። የኤርፖርት ሚኒባስ ነጂ ነው፤ ቀኑን ሙሉ የሰው ወሬ ስለሚሰማ ፍርድ አይቸግረውም።

«በምን ቋንቋ እንዳወራችሁ ግሌን ጠየቀሽ?»

«አልጠየቀኝም።»

«ያልተጠየቁትን መመለስ ምን ይባላል? ሞኝነት ነው።»

«አንተ ደግሞ!»

«እውነቴን ነዋ። ሰውየው ራሳቸው የኔ ነው አሉ። ትልቅ ሰው አንዴ ካለ አለ።»

«እኔን አይተው ነው ያሉት።»

«ሲያዩሽ ምን አሉሽ?»

«ምንም።»

«በቃ፣ ምንም ነዋ!» ሳቀ፤ እሷ ስላልሳቀች ግን ማማሰያውን አስቀመጠ። «ውድዬ፣ እስቲ ንገሪኝ። አቋረጥኳቸው፣ ቁጥርም አልጠየቅኩም ብለሽ ብትጽፊ ምን ይሆናል?»

«ፕሌቱን ለሌላ ሰው ይሰጡታል።»

«አየሽ? ስንት ዓመትሽ ነው በዚህ ፕሌት?»

«አራት።»

«እሳቸውን ምን ያደርጓቸዋል? አያባርሯቸውም።»

የሰባት ዓመቷ ናሆሚ ከጠረጴዛው ሥር ወጣች። «ማሚ፣ ጋሼ ደርበው ፋየርድ ሆኑ?»

«አልሆኑም።»

«ሶ ዋይ ሳድ ሆንሽ?»

«በይ እጅሽን ታጠቢ» አላት አባቷ።

ማክሰኞ ውድነሽ ሪፖርቱን ጻፈች። ስለ አደጋው መንስኤ የሚጠይቀው ክፍል ላይ ስትደርስ ብዙ ቆየች። በመጨረሻ፣ የኦፕሬተሩ የመዝገብ ጽሑፍ የማሸጊያውን ሁኔታ በግልጽ አላመለከተም የሚል ዓረፍተ ነገር አገኘች። ሦስት ጊዜ አነበበችው። ውሸት የሚባል አንድም ቃል የለበትም። ለማሻሻያ በተተወው ቦታ ላይ የመስታወቱ ቅብ በሴሉ በኩል ብቻ እንዲሆን ሐሳብ አቀረበች፤ ሐሳቡ የማን እንደሆነ ቅጹ አይጠይቅም።

ጋሼ ደርበው አልተባረሩም። ፍስሐ በዚህ ልክ ነበር። የቅዳሜና የእሑድ ፈረቃቸው ለብሬንት ለሚባል አዲስ ቴክኒሻን ተሰጠ፤ እሳቸው ወደ ኋለኛው ክፍል ተዛወሩ፣ ሚካ እንዲቆርጡና ፕሌት እንዲያጥቡ። ግሌን ደግሞ ከልቡ አስቦላቸው በኩባንያው ወጪ የማታ እንግሊዝኛ ትምህርት አስመዘገባቸው። የምዝገባው ወረቀት ከመቁረጫቸው አጠገብ ለሁለት ታጥፎ ሰነበተ። ሃያ ሁለት ዓመት የእንግሊዝኛ ማኑዋል እያነበቡ ማሽን ያስተማሩ ሰው ናቸው።

ፌብሩዋሪ መጨረሻ ላይ ቺኑክ የሚሉት ሞቃት ነፋስ ነፈሰና በረዶው ባንድ ቀን ጎርፍ ሆነ። ውድነሽ ስታክ ለሚሉት ለአዲሱ የሴሎች ድርድር ማሸጊያ ልታዝ ወደ ኋላ ሄደች። ጋሼ ደርበው ከማስመሪያው ቀና ሳይሉ፣

«ስንት ይቆረጥልዎ፣ ኢንጂነር?» አሉ።

ሌላ ሰው ከኋላዋ የቆመ መስሏት ዞር አለች።

«ምነው ጋሼ ደርበው፣ እኔን ነው አንቱ የሚሉኝ?»

«አለቃ አይደሉ?»

«ልጅዎ ነኝ እኮ።»

«ልጄ ናት ብዬ ነው ያኔ ዝም ብዬ እሺ ያልኩት። ለአለቃ ቢሆን ኖሮ በጽሑፍ ይስጡኝ እል ነበር።» ሚካውን በብርሃን ላይ አንስተው አዩትና መልሰው አስቀመጡት። «ሃያ አራት ነው? ሃያ ስድስት እቆርጣለሁ፤ የሚሰነጠቅ አይጠፋም።»

ውድነሽ ለመሄድ ዞረች፤ ሁለት እርምጃ ሄዳ ቆመች።

«ለግሌን ልነግረው ነው።»

«ምኑን?»

«በአማርኛ እንዳወራን። እንዳቋረጥኩዎት።»

ምላጩ ቆመ። «አቋረጥሽኝ እንዴ?» አሉ። አንቺ ማለታቸውን ራሳቸውም ያወቁ አይመስሉም። «ያን ቀን አላቋረጥኩም ብለሽኝ ነበር እኮ።»

«አቋርጬዎታለሁ። ቀስቱም ሲሉ ሰምቻለሁ።»

ለረጅም ጊዜ አዩዋት። ከዚያ ፊታቸው ላይ የነበረው ነገር ትንሽ ላላ አለ።

«እንግዲያው ንገሪው» አሉ። «ብቻ ቶሎ ይሁን። ነገር ሲቆይ ይደርቃል።»

በዚያው ምሽት፣ ናሆሚ ከፊቷ ተቀምጣ የቤት ሥራዋን እየሠራች ሳለ፣ ውድነሽ በአንድ ገጽ ሁሉንም ጻፈችው። ስልኩን፣ ቃሉን፣ ዜሮውን፣ ማቋረጧን፣ በሴሉ በኩል ብቻ የመቀባቱን ሐሳብ ማን እንዳመነጨው። ጥሩ ገጽ ነበር። ማህደሯ ውስጥ አስገባችው።

በማግስቱ ግሌን ቶሮንቶ ሄዷል ተባለ። ሲመለስ ሰኞ ነበር፤ ሰኞ ደግሞ አዲሱ ስታክ መገጣጠም ተጀመረ፣ እጇ ሁሉ ዱቄት ነበር። ማክሰኞ ወደ ቢሮው ስትሄድ ብሬንት አብሮት ነበር። ሐሙስ ብቻውን አገኘችው፤ በሩ ላይ ቆማ «አንድ ደቂቃ አለህ?» አለችው። «ላንቺማ ሁልጊዜ» አላት። ስለ ናይትሮጅን ቧንቧው ጠየቀችውና ወጣች። በሚቀጥለው ሳምንት ስታኩ ምድጃ ውስጥ ስለገባ፣ ውጤቱ እስኪታወቅ ብትጠብቅ ይሻላል ብላ አሰበች። ፕሌቱ መሥራቱ ከተረጋገጠ በኋላ ከእጇ ቢወሰድ እንኳ ያን ያህል አይጎዳትም። ወይም ያኔ አይወስዱትም።

በኋለኛው ክፍል ስታልፍ ጋሼ ደርበው መጀመሪያ ቀና ብለው ያዩዋት ነበር። ከሳምንት በኋላ ቀና ሳይሉ «ደህና አደርሽ» ማለት ጀመሩ። በሦስተኛው ሳምንት «እንዴት አደሩ፣ ኢንጂነር?» አሏት። አንገቷን ደፍታ ወደ ምድጃው አለፈች።

ማርች ውስጥ በአንድ ዓርብ ስታኩ ለአምስተኛ ጊዜ ቀዝቅዞ ለአምስተኛ ጊዜ ሊሞቅ ነበር። የመጀመሪያው ስታክ አንዴ እንኳ አልተረፈም። ውድነሽ ጠዋት ከሁሉ ቀድማ መጣች። ያችን ገጽ ከማህደሯ አውጥታ አነበበቻት፣ አንድ የፊደል ስህተት አረመች፣ ይዛት ወደ ግሌን ቢሮ ሄደች። በሩ ክፍት ነበር፤ ግሌን ግን ወደ ምድጃው ወርዷል። ጠረጴዛው ላይ ባለው የወረቀት ማስቀመጫ ውስጥ፣ ከሁሉ በላይ፣ ያልተነበበ ደብዳቤ ተቀምጧል። ቀጥ ያለውን የጋሼ ደርበውን ጽሑፍ አወቀችው። ሁለት መስመር ነው። ሥራቸውን ዛሬ ከሰዓት በኋላ እንደሚያቆሙ፣ ስለ ተደረገላቸው መልካም ነገር እንደሚያመሰግኑ ይገልጻል። እንግሊዝኛው እንከን የለበትም።

ገጿን ከደብዳቤው ጎን አስቀመጠችው። ሁለቱን አየቻቸው። ግሌን ሲመጣ የቱን አስቀድሞ እንደሚያነብ፣ ካነበበ በኋላም ምን እንደሚላት አሰበች። ኮሪደሩ ላይ የቦት ጫማ ድምፅ የሰማች መሰላት። ገጿን አነሳችው፣ ለአራት አጠፈችው፣ ኪሷ ውስጥ ከተተችው። የሚመጣ ሰው አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ ሁሉም ሰው ከምድጃው ፊት ተሰበሰበ። የሒሳብ ክፍሏ ሴት እንኳ ካፖርቷን ደርባ ወርዳለች። ስክሪኑ ላይ ያለው መስመር ቀስ እያለ ይወጣል። ስድስት መቶ። ስድስት መቶ ሃምሳ። ብሬንት ቮልቴጁን በየደቂቃው ይጣራል።

«እስቲ የሚተነፍስ ሰው እንዳይኖር» አለ ግሌን፤ ሳቁ።

«ሃያ ሁለት ነጥብ ስድስት» አለ ብሬንት። «ሃያ ሦስት።»

«ፕሌቱስ?»

«ነፃ ነው፤ ቀስቱ ይሄዳል።»

ግሌን ውድነሽን በክርኑ ጎሰም አደረጋት። «ይህ የአንቺ ልጅ ነው» አላት። እሷም ፈገግ አለች፤ ሁሉም ያዩዋት ነበርና።

ጋሼ ደርበው በዚህ ጊዜ ከኋለኛው ክፍል ወጡ። ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን አድርገው፣ በአንድ እጃቸው ከቤታቸው ከፓይንሪጅ ይዘውት የሚመጡትን የምሳ ቦርሳ ይዘው ነበር። ከተሰበሰበው ሰው ጀርባ፣ በግድግዳውና በናይትሮጅን ሲሊንደሮቹ መካከል አለፉ። አንዱን ሰው ላለመንካት ትከሻቸውን ሰበር አደረጉ። ውድነሽ አየቻቸው። የዕቃ መግቢያውን በር ገፍተው ከፈቱ፤ ነፋሱ እንዳያላትመው በእጃቸው ይዘው፣ ከውጭ በኩል ቀስ ብለው መለሱት።

«ሰባት መቶ» አለ ብሬንት።

«ንባቡን ማን እየጻፈ ነው?» አለ ግሌን።

«እኔ» አለች ውድነሽ፤ መዝገቡን ወደ ራሷ ሳበች።